«ምን ልርዳሽ?» ከምትሉ ልጆቹን ያዙልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በዓል በደረሰ ቁጥር ስለ ምግብ አሰራር፣ ስለ ቤት ማስዋብ፣ ስለ ልብስ ምናምን ይጻፋል፣ እኔም አነባለሁ፣ ግን ሁሌ አንድ ነገር ይጎድለኛል። በዓሉን ከባድ የሚያደርገው እኮ ምግቡ አይደለም፣ ምግቡማ ሁሌም ይደርሳል፣ ትንሽ ቢያር ወይ ጨው ቢበዛበት ሰው አምቶ ይበላዋል። ከባዱ ነገር አንድ ቤት ውስጥ ሀያ ሰላሳ ሰው ተሰብስቦ ግማሹ ልጅ ሲሆን፣ ትልልቆቹ በሙሉ «ልጆቹን ሌላ ሰው እያየ ነው» ብለው ሲያስቡ፣ በትክክል የሚያያቸው ሰው ግን አለመኖሩ ነው። ይሄን ሰው ሲጽፈው ስላላየሁ እኔው ልጻፈው ብዬ ነው። ከረዘመ ቁረጡት፣ የባትሪውን ነገር ግን አደራ እንዳትቆርጡት፣ ወደታች አለ።

ማን እንደሆንኩ ልናገር መጀመሪያ። በየቤተሰቡ አንድ የማትጠፋ አክስት አለች አይደል፣ «አንቺ እኮ ልጅ የለሽም፣ እስቲ ያዣቸው» የምትባለው፣ እሷ ነኝ። ቅሬታ የለኝም፣ እንዲያውም ከትልልቆቹ ጨዋታ የልጆቹ ይሻለኛል (እህቶቼ ይሄን ባያነቡት ደስ ይለኛል)። ግን በዓልን ከልጆች ጋር መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው ሶፋ ላይ ከተቀመጠው የተለየ ነገር ነው የሚያየው።

ከ«ምን ልርዳሽ?» ልጀምር። የቤቱ ባለቤት አንድ እጇ ድስት ላይ ነው፣ በሌላው ስልክ ይዛ መንገድ ለጠፋው እንግዳ አቅጣጫ ትነግራለች፣ እግሯ ላይ የሁለት አመት ልጅ ተጠምጥሞ ያለቅሳል፣ እና አንዱ ኪችን በር ላይ ቆሞ በጣም በሚያሳዝን ድምፅ «ምን ልርዳሽ?» ይላታል። እስቲ ምን ትበለው? ስራዋን አቁማ ማሰብ አለባት፣ ከስራው ውስጥ ለሱ የሚሆነውን መምረጥ፣ ቢላው የት እንዳለ መናገር፣ አከታተፉን ማሳየት፣ ከዛ ሲያበላሸው ደግሞ «አይ ጥሩ ነው» ማለት። ይሄ ሁሉ ከሚሆን ቀላሉን ትመርጥና «ምንም አይደል፣ አንተ ቁጭ በል ተጫወት» ትለዋለች፣ እሱም ግዴታውን እንደተወጣ ሰው ደስ ብሎት ይቀመጣል፣ ኋላ ሲታማ «ጠይቄያት እኮ እምቢ አለች» ይላል። እንደኔ እንደኔ ሰውዬው የጠየቀው የመቀመጥ ፈቃድ ነው፣ ተፈቀደለት፣ አለቀ።

እና ደግሞ የኛ ቤት ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት የ64 አገሮችን መረጃ አይቶ፣ ያለ ክፍያ ከሚሰራው የቤት ውስጥና የእንክብካቤ ስራ ሰዓት 76.2 በመቶውን የሚሸፍኑት ሴቶች ናቸው ብሏል፣ ከወንዶቹ 3.2 እጥፍ መሆኑ ነው። በዓል ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱት። ይሄን የምለው ወንዶችን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፣ ሴቶችም ብንሆን እኮ ኪችን ውስጥ አምስት ሆነን ተጋፍተን አራታችን የምናወራበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ሽንኩርት የሚልጠው አንዱ ነው ሌሎቻችን ታዳሚ።

የሚረዳ ሰው ምን ያደርጋል? አንድ ስራ አይቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የራሱ ያደርገዋል፣ ያንንም ጮክ ብሎ ይናገራል። «ከአሁን ጀምሮ ብርጭቆ የኔ ነው፣ ስለ ብርጭቆ አታስቢ» ማለት ነው። ከዛ በኋላ ብርጭቆ ያልቅ አያልቅ፣ ይታጠብ አይታጠብ፣ ይሰበር አይሰበር እሷን አይመለከታትም። ቆሻሻም እንደዛው፣ ሞልቶ የፈሰሰውን ማውጣት ብቻ ሳይሆን አዲስ ላስቲክ አስገብቶ ከሰዓት በኋላ ሁለቴ ሶስቴ መለስ ብሎ ማየት። መጸዳጃ ቤት ሶፍት አለ ወይ፣ ፎጣው ደርቋል ወይ፣ በር የሚከፍተው ማነው፣ የሚመጣው ሰው ጃኬቱን የት ነው የሚያደርገው፣ እነዚህን ማንም እንደ ስራ አይቆጥራቸውም ግን የባለቤቷን ጭንቅላት ቀኑን ሙሉ የሚይዙት እነሱ ናቸው። እጇ የሚደክመውን ያህል ጭንቅላቷም ይደክማል እኮ። ልጆቹ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ ጭንቅላት የሚይዙ ስለሆኑ እውነተኛ እርዳታ መስጠት የሚፈልግ ሰው ከነሱ ይጀምር ነው የምለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሰው ሲበዛ ልጅ የበለጠ የሚጠበቅ ይመስለናል፣ ቤቱ ሙሉ አይን ነው እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1968 ዳርሊ እና ላታኔ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር፣ ተማሪዎችን ለየብቻ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው በድምፅ ማስተላለፊያ ሲያወሩ አንደኛው የሚጥል በሽታ እንደተነሳበት አይነት ድምፅ ያሰማል። እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት ብሎ ካሰበው ውስጥ 85 በመቶው ድምፁ ሳይቋረጥ ተነስቶ እርዳታ ሊጠራ ሄዷል፣ ሌሎች አራት ሰዎችም ሰምተዋል ብሎ ካሰበው ግን 31 በመቶው ብቻ። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፣ ሌላው ያደርገዋል ብለው ነው። የበዓል ሳሎን ማለት ይሄው ነው፣ እናትየው አባትየው ጋር ነው ትላለች፣ አባትየው አያቱ ጋር ነው ይላል፣ አያቱ ቅድም ከአክስቱ ጋር አይቻቸዋለሁ ይላሉ፣ አክስቱ (እኔ) መጸዳጃ ቤት ነኝ፣ ልጁ ደግሞ ደረጃው ላይ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል፣ ለልጅ ጥበቃ ግን እኔ ከሀያ ታዛቢ አንዱን ብርቱ እመርጣለሁ።

ዋና ገንዳ ያለባቸው አገሮች ያሉ ሰዎች ለዚህ ዘዴ አላቸው፣ ውሃው ዳር አንድ ሰው ጠባቂ መሆኑ የሚታወቅበት ካርድ አንገቱ ላይ ያደርጋል፣ ያን ካርድ ያደረገ ሰው ስልክ አያነሳም፣ አያነብም፣ አይጠጣም፣ ሲደክመው ካርዱን ለሚቀጥለው ሰው በእጁ ይሰጣል። እኛ ቤት ካርድ የለም፣ አንድ ማንም የማይፈልገው ቢጫ ኮፍያ አለ። ኮፍያውን ያደረገ ተረኛ ነው፣ ግማሽ ሰዓት፣ ከዛ ያስረክባል። ርክክቡ ደግሞ «በል አንተ ያዝ» ብሎ መሄድ አይደለም፣ ልጆቹ ተቆጥረው ነው፣ ዘጠኝ ናቸው፣ ሁለቱ ውስጥ ተኝተዋል፣ ትንሹ ለውዝ አይነካም አለርጂ አለበት፣ የትልቁ ጫማ ጠፍቷል። መጀመሪያ ሰሞን ተስቆብናል፣ አንዱ አጎታችን ኮፍያውን አድርጎ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ልጆቹ ፊቱን በእስክሪብቶ ስለውታል፣ እሱም ቢሆን ግን ከዛ ወዲህ ተራው ሲደርስ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። የኮፍያው ጥቅም ለልጆቹ ብቻ መሰላችሁ እንዴ፣ እናቶቹ ምግባቸውን ሙቅ እያለ ቁጭ ብለው ይበላሉ፣ ይሄን ስንት አመት እንዳላዩት እነሱን ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን በጣም የሚያናድደኝ ልናገር። ኮፍያ በሌለበት ቤት ልጅ ጠባቂ የምትሆነው የአስር አስራ አንድ አመት ሴት ልጅ ናት። ማንም አልመደባትም፣ በቃ ህፃኑን ታቅፋ ትታያለች፣ «ጎበዝ እናት ይወጣታል» ይባላል፣ እኩያዋ ወንድ ልጅ ውጪ ኳስ ይጫወታል። እሷም ልጅ ናት እኮ! በዓሉ የሷም ነው። ደግሞ የአስር አመት ልጅ ህፃኑን ምግብ ቢያንቀው ምን ታደርጋለች? ታግዝ፣ አትከልከል፣ ግን አጋዥ እንጂ ተጠያቂ መሆን የለባትም፣ ተጠያቂው ኮፍያውን ያደረገው ትልቅ ሰው ነው።

እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት ኮፍያውን መጀመሪያ የሚያደርገው ሰው አንድ ስራ አለው፣ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ክፍሉን በልጅ ቁመት ማየት። ቀልድ አይደለም። ከዛ ቁመት ሲታይ የጠረጴዛ ልብሱ ጫፍ የሚጎተት ገመድ ነው፣ ላዩ ላይ ያለው ሻይ ደግሞ ከተቀዳ 15 ደቂቃ በኋላ እንኳን የህፃን ቆዳ ያቃጥላል። ሻይ ይዞ ህፃን የሚያቅፍ ሰው አለ ደግሞ፣ ወይ ሻዩን ወይ ልጁን። ካቃጠለ ቀዝቀዝ ባለ የቧንቧ ውሃ ስር 20 ደቂቃ ማቆየት ነው፣ የጥርስ ሳሙና የለም፣ ቅቤ የለም፣ በረዶ የለም፣ አምስት ሰው አምስት መድኃኒት ይዞ ሲመጣ ተረኛው ሰው ልጁን ይዞ ቧንቧው ጋር ይቁም፣ ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ ወይ ፊትና እጅ ከነካ ወደ ሀኪም።

የእንግዶች ቦርሳ ሌላ ጉድ ነው። የራሳችን ቤት መድኃኒት ከፍ ያለ ቦታ ነው፣ የአያት የደም ግፊት ክኒን ግን ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳው ደግሞ ወንበር ስር፣ ልጅ የሚከፍተው መጀመሪያ እሱን ነው። በር ላይ ጃኬት የሚቀበለው ሰው ቦርሳውንም አብሮ ተቀብሎ ቁም ሳጥን ላይ ያድርገው፣ ማንም አይቀየምም።

እሺ፣ ባትሪው። ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ሳንቲም የሚመስለው ባትሪ፣ ሪሞት ውስጥ፣ የሚዘፍን ካርድ ውስጥ፣ የሚያበራ መጫወቻ ውስጥ፣ ሚዛን ውስጥ ያለው። ልጅ ሲውጠው ጉሮሮው ላይ ተጣብቆ ከቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ የጉሮሮውን ስጋ ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል፣ ባትሪው ውስጥ ያለው ነገር ስለፈሰሰ እንኳን አይደለም፣ ኤሌክትሪኩ እርጥቡን ስጋ ሲነካ እዛው የሚያቃጥል ነገር ስለሚፈጠር ነው፣ ስለዚህ «ያለቀ ባትሪ ነው ችግር የለውም» የሚለው ልክ አይደለም። በተለይ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ባለ 3 ቮልቱ ለትንሽ ልጅ ጉሮሮ ልክ የተሰራ ይመስላል። ልጁ ሊስቅ ይችላል፣ ሊጫወት ይችላል፣ ትንሽ ለሀጭ ይበዛበታል ወይ መብላት እምቢ ይላል፣ በቃ። ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፣ በርጩማው ይወጣል ብላችሁም ነገን አትጠብቁ፣ በዓል ነው ብላችሁ አትፈሩ፣ ራጅ ወዳለበት ድንገተኛ ክፍል ወዲያው ሂዱ። በዓል ላይ አደጋው የሚበዛው አዲስ መጫወቻ ስለሚከፈት ነው፣ ስጦታ ሲከፈት አንድ ትልቅ ሰው ካርቶኑንና ባትሪውን ይሰብስብ፣ የባትሪው ቤት በብሎን የማይዘጋ መጫወቻ ከሆነ ባይሰጥ ይሻላል። (የአስራ ሁለት አይነት ጩኸት መጫወቻ ለእህቱ ልጅ ሰጥቶ ማታ ወደ ቤቱ የሚሄደው አጎት ራሱን ያውቃል፣ ስሙን አልጠራም።)

መብላቱ ላይ ደግሞ፣ ሙሉ የወይን ፍሬ፣ ለውዝ፣ ድርቅ ያለ ከረሜላ ከ4 አመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፣ ወይኑ በቁመቱ ለአራት ይቆረጣል። ማር አንድ አመት ላልሞላው ህፃን ጭራሽ አይቀምስም፣ ለጣት ያህልም፣ ህፃን አንጀት ውስጥ የሚራባ፣ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ በሽታ የሚያመጣ ተህዋስ ሊኖርበት ስለሚችል ነው። ከባዱ ነገር ምግብ የሚሰጠው ሰው መብዛቱ ነው፣ አንዷ ትንሽ ታቀምሰዋለች፣ ሌላው ትንሽ፣ እናትየው ሳታውቅ ልጁን ስምንት ሰው አጉርሶታል። ስለዚህ ህፃን ከማጉረስ በፊት ኮፍያ ያደረገውን መጠየቅ ነው። ሲሮጥ መብላት የለም፣ ሲስቅ መብላት የለም፣ አጎቶች ደግሞ እባካችሁ ከበላ በኋላ ወደ ላይ አትወርውሩት፣ ማጠቢያው እኛ ጋር ነው።

ውሃ ያለበት ባልዲም ይታይ፣ ትንሽ ልጅ 5 ሳንቲ ሜትር በማይሞላ ውሃ ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል፣ ሰምጦ ደግሞ አይጮህም፣ ድምፅ አይሰማም። ወለል የተወለወለበት ባልዲ ወዲያው ይደፋ። እና የተኙት ህፃናት፣ ሁሉም ቤት መኝታ ቤቱ አልጋ ላይ የእንግዳ ጃኬት ይከመራል፣ ህፃኑም ሲተኛ እዛው ጃኬቱ መሀል ይደረጋል ወይ ሶፋ ላይ ከደከመው አጎት ደረት ላይ ይተኛል። ፎቶው ያምራል፣ አውቃለሁ። ግን ህፃን የሚተኛው በጀርባው፣ ጠንከርና ለጥ ያለ ነገር ላይ፣ ዙሪያው ምንም ሳይኖር ነው፣ ሶፋ ላይ ከትልቅ ሰው ጋር መተኛት በጣም አደገኛ ከሚባሉት ውስጥ ነው። አራስ ካለ ደግሞ ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው አይሳመው፣ ምች የምንለው ሄርፒስ ቫይረስ ነው፣ ለኛ ቁስል ነው ለአራስ ግን ህይወት ሊያሳጣ ይችላል። ይሄን ለእናትየው ትታችሁ አታሳጧት፣ አማቷን እንዴት ብላ አትሳሚው ትበል? ሌላ ሰው ይናገርላት። እኔ እናገራለሁ፣ ልማዴ ስለሆነ ማንም አይገርመውም።

አሁን ደግሞ ወደ ጩኸቱ። ልጆቹ ማታ ላይ ሲያብዱ ሁሉም «ስኳሩ ነው» ይላል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የህክምና ማህበር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 23 ሙከራዎችን አንድ ላይ አይቶ ስኳር የልጆችን ባህሪ ሲለውጥ አላገኘም። ከሱ አንድ አመት ቀደም ብሎ በወጣ ሌላ ሙከራ ደግሞ እናቶችን «ልጅሽ ብዙ ስኳር ወስዷል» ብለው ሲነግሯቸው፣ ልጁ ምንም ስኳር ሳይወስድ፣ በጣም ቀበጠ ብለው ፈረዱበት። ለጥርሱ ብላችሁ ቀንሱ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ያበደው ስለደከመ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የ1 እና የ2 አመት ልጅ በቀን ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ የ3 እና የ4 አመት ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ይተኛ ይላል የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ፣ በዓል ላይ ግን የቀኑ እንቅልፍ ቀርቷል፣ ማታ ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ነው፣ መሀል ላይ አርባ ሰው ጉንጩን ቆንጥጦታል፣ ሙዚቃው አለ፣ ቲቪው አለ፣ አንዱም አይቀነስም። እኔም ብሆን መሬት ላይ ተንከባልዬ አለቅስ ነበር።

ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው ግን አስቀድሞ መታሰብ አለበት፣ አንድ ክፍል ጸጥ ያለ ይሁን፣ ቲቪ የሌለበት፣ ትራስ ያለበት፣ ትልልቅ ሰዎች ለስልክ የማይገቡበት። ልጁ ለቅጣት ሳይሆን ለእረፍት ይግባ፣ አንድ ሰው አብሮት ይግባና ዝም ብሎ ይቀመጥ። «ሂድ ሳማት፣ አክስትህ እኮ ናት» የሚባለውም ይቅር፣ ልጅ ያላስታወሰውን ሰው እንዲስም ተጎትቶ ሲሄድ አይቼ እኔ ነኝ የማፍረው፣ እጅ ይጨብጥ፣ ባይፈልግ ከሩቅ ያውለብልብ፣ ማታ ላይ ራሱ መጥቶ ጉልበቴ ላይ ይቀመጣል። የሰው ልጅ ላይ መጮህም እንደዛው፣ ሁለት ልጅ ሲጣላ ወላጆቹ እዛው እያሉ ዳኛ ከመሆን ለይቶ አንዱን ይዞ ወደ ሌላ ስራ መውሰድ ይበቃል፣ አጥፊውን ማጣራት ከጀመራችሁ እናቶቹም ይጣላሉ፣ የልጆቹ ጸብ አምስት ደቂቃ ነው የእናቶቹ እስከሚቀጥለው በዓል ነው።

ስራ ያልኩት ትክክለኛ ስራ ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቫርኔከን እና ቶማሴሎ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሙከራ ላይ ገና 18 ወር የሆናቸው ልጆች ትልቅ ሰው እቃ ወድቆበት መድረስ ሲያቅተው ማንም ሳይነግራቸው አንስተው ሲሰጡት ታይቷል። ሁለት አመት ቆይተው ደግሞ ሌላ ነገር አገኙ፣ 20 ወር የሆናቸው ልጆች ለእርዳታቸው ሽልማት ሲሰጣቸው ከዛ በኋላ ሽልማቱ ሲቀር ካልተሸለሙት ያነሰ ይረዳሉ። ስለዚህ ከረሜላ እሰጥሃለሁ እያላችሁ አታሰሩ፣ ስራውን ብቻ ስጡ። የሶስት አመት ልጅ የማይሰበር ሰሀን ላይ ማንኪያ ያድላል፣ የአምስት አመቱ ጫማዎቹን በጥንድ በጥንድ ይደረድራል፣ የሰባት አመቷ ማን የት እንደሚቀመጥ ወረቀት ላይ ትጽፋለች፣ የስም ፊደል ብትሳሳት አትርሟት። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ ይፍጅ፣ ሁለት ሰዓት ጸጥታ ማለት ነው እኮ። ወንዶቹንም ሴቶቹንም እኩል፣ አሁኑኑ ያልለመደው ልጅ ነው ሰላሳ አመቱ ላይ ኪችን በር ላይ የሚቆመው።

ማታው ላይ እርዳታው ይጠፋል። ጠዋት ለማገዝ የመጣው ሁሉ ሲመሽ ልጁ ተኝቶበታል፣ ነገ ስራ አለበት፣ መንገዱ ሩቅ ነው። እውነት ነው ሁሉም፣ ግን ባለቤቷ ብቻዋን ከአርባ ሰሀን ጋር ትቀራለች። ምግቡም እዛው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ክፍል ውስጥ ሳይቀዘቅዝ ሳይሞቅ መቆየት የለበትም፣ ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ ይሙቅ ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ፍሪጅ ይግባ፣ በማግስቱ የህፃናቱ ሆድ የሚያመው ከዚህ ነው ብዙ ጊዜ፣ «ቡዳ በላቸው» ከምትሉ ድስቱን ክደኑና አስገቡት። ምግቡን ወደ ፍሪጅ የሚያስገባ ሰው ጠዋት ላይ ይታወቅ፣ ማታ ላይ ፈቃደኛ አይገኝም።

እና መኪናው። እንግዳ ሲሸኝ ሁሉም ውጪ ይወጣል፣ መሰናበቱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ጨለማ ነው፣ ልጆቹ በመኪኖቹ መሀል ይሯሯጣሉ፣ ሹፌሩ ሞቅ ብሎታል ወይ ደክሞታል፣ መስኮት አውርዶ እያወራ ወደኋላ ይነዳል። ትንሽ ልጅ ከመኪና ኋላ ሲቆም በመስታወት ጭራሽ ላይታይ ይችላል፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ የሚሰራ አዲስ ቀላል መኪና ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖረው በህግ ያስገደደችው ለዚህ ነው፣ ካሜራ ያለውም ቢሆን ሹፌሩ ካላየው ምን ዋጋ አለው። የመጨረሻው ኮፍያ ተረኛ ስራው እዚህ ጋር ነው፣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ልጆቹን በር ላይ ሰብስቦ ይቆጥራል፣ ዘጠኝ ካልሞሉ ማንም መኪና አያንቀሳቅስም፣ አማችም ቢሆን።

አንድ ልመና አለኝ ለዝግጅት ክፍሉ። በሚቀጥለው የበዓል እትም ከምግብ አሰራሩ ገጽ አጠገብ የህፃናት ሀኪም ጋብዛችሁ ልጅን ምግብ ሲያንቀው የሚደረገውን በስዕል አውጡልን። አንድ አመት ላልሞላው አምስቴ ጀርባውን መምታት ከዛ አምስቴ ደረቱን መጫን፣ ከዛ በላይ ለሆነው አምስቴ ጀርባ ከዛ አምስቴ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ሆዱን ወደ ውስጥና ወደ ላይ መግፋት፣ በጭፍን ጣት አለመክተት፣ ይሄን በጽሁፍ ማንበብና በስዕል ማየት ይለያያል። ገጹን የምቆርጥ ሰው አለሁ፣ ፍሪጁ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ከኮፍያው አጠገብ።

አክባሪያችሁ፣
ኮፍያ ለባሿ አክስት